የእናቶች ሞትና የክረምቱ ደም

ርእሰ አንቀጽ

በብዙው የአገራችን ክፍል አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል ጎረቤት ተሰብስቦ የሚላት ቃል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ነው። ልብ ብሎ ላዳመጠው ሰው ይህ ቃል የልጁን መወለድ ከማብሠሩ በፊት የእናቲቱን መትረፍ ይናገራል። ምሕረት ማግኘት ከሚጠበቅ ጥፋት መዳን ነውና፣ ቋንቋችን ራሱ ምጥን የሚያውቀው የሞት አፋፍ አድርጎ ነው። ምሕረቱ ላልደረሳቸው ግን ከለቅሶ በቀር የተዘጋጀ ቃል የለም። ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነው ስለ እነርሱ ነው።

ርእሱ ለተማሪ ጋዜጣ የራቀ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ፣ ስለ መኝታ ቤቱ ውሃ መጥፋት፣ ስለ መጻሕፍት ቤቱ ቀድሞ መዘጋት ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ስለ ምጥ ብንናገር «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ሊጠቀስብን ይችላል። ይጠቀስብን። ነገሩ ወደ መጨረሻው ወደ እያንዳንዳችን ክንድ የሚመጣ ስለሆነ አንባቢ ትንሽ እንዲታገሠን እንለምናለን።

አስቀድሞ ቍጥሩን እንይ። (ዘመኑን የምንጽፈው በራሳችን አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓው ስንጽፍ እንናገራለን።) በ1992 ዓ.ም. በመላው አገር የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በሕይወት በሚወለዱ 100,000 ሕፃናት ልክ 871 ሴቶች በእርግዝና፣ በምጥ ወይም በዐራስነት ጊዜ እንደሚሞቱ አሳየ። በ1997 ዓ.ም. ጥናቱ ሲደገም ቍጥሩ 673 ሆነ። በ2003 ዓ.ም. 676። በ2008 ዓ.ም. 412። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በሌላ የስሌት መንገድ ያወጡት ግምት ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ለ2023 ዓመተ ምሕረት ቍጥሩን ወደ 200 ያስጠጋዋል። ሁለቱ መንገዶች የተለያዩ ስለሆኑ አንዱን ከሌላው ቀንሶ ልዩነቱን መናገር አይገባም፤ የሚያመለክቱት አቅጣጫ ግን አንድ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአገራቸውን ነገር ሁሉ ማንቋሸሽ የመማር ምልክት የሚመስላቸው ወንድሞቻችን ይህንን ሊክዱ አይገባቸውም። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት፣ አብዛኛው ሰው ከጥርጊያ መንገድ ርቆ በሚኖርበት አገር እንዲህ ያለ ለውጥ በአንድ ትውልድ ዕድሜ መታየቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ደስታችን ልክ ይኑረው። በአገራችን በየዓመቱ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ይወለዳሉ። በዝቅተኛው ግምት እንኳ ብናሰላው በዓመት ወደ 8,000፣ በቀን ከ20 የሚበልጡ እናቶች ይሞታሉ ማለት ነው። የአንድ ሰዓት ትምህርት ሰምተን ከክፍል እስክንወጣ አንዲት ያህል።

ቍጥሩ እንዴት እንደሚገኝም ማወቅ ይገባል፤ ብዙዎቻችን ስታትስቲክስ ተምረን ፈተናውን ካለፍን በኋላ ይህንን አንጠይቅምና። ልደትና ሞት በመዝገብ እንዲጻፍ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ሥራው የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው። ሞትን ሄዶ የሚያስመዘግብ ቤተሰብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠያቂዎች ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናትን ሴት አስቀምጠው ይጠይቋታል፦ ከእናትሽ የተወለዳችሁ ስንት ናችሁ? እኅቶችሽ በሕይወት አሉ? ያረፈችው ስታርፍ ነፍሰ ጡር ነበረች? ምጥ ላይ ነበረች? ወይስ ከወለደች ሁለት ወር ሳይሞላት ነው? አገራችን የሞቱ እናቶቿን የምትቈጥረው እኅቶቻቸውን ጠይቃ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገር መታወስ አለበት። አንደኛ፣ ጥያቄው ከጥናቱ በፊት የነበሩትን ሰባት ዓመታት ስለሚያካትት የ2008ቱ ቍጥር የ2008 ብቻ አይደለም፤ ከ2001 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ያለው ነው። ሁለተኛ፣ ሞት በጥናቱ ውስጥ የሚገኘው በጥቂት መቶ ስለሆነ ቍጥሩ ሰፊ የስሕተት ወሰን አለው፤ 412 የተባለው ከ273 እስከ 551 ባለው መካከል ሊሆን ይችላል። በ1997 እና በ2003 መካከል «ቍጥሩ ቆመ» ብለን ብንደነግጥ፣ ቀጥሎም «በግማሽ ወረደ» ብለን እልል ብንል ሁለቱም ከልክ ያልፋል።

ከ2005 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በየጤና ድርጅቱ የሚደርስ የእናት ሞት ሁሉ እንዲመረመርና እንዲነገር ሥርዓት ተዘርግቷል። አሳቡ እጅግ መልካም ነው፤ ማንንም ለመቅጣት ሳይሆን ምን እንደ ጎደለ ለማወቅ ነውና። የሚነገረው ሞት ግን ከሚገመተው ጥቂቱ ብቻ ነው። «በዚህ ዓመት አንድም እናት አልሞተችብንም» የሚል ሪፖርት አንብቦ የሚያጨበጭብ ስብሰባ፣ ሰብሳቢውም ሪፖርት አቅራቢውም የረሱት አንድ ነገር አለ። ሞት ያልተነገረበት ቀበሌ ሞት የሌለበት ቀበሌ ላይሆን ይችላል። የሚቈጥር ሰው የጠፋበትም ሊሆን ይችላል። ሐቁን የሚናገረውን ሠራተኛ የምናሸማቅቅ ከሆነ ባዶ ቍጥር ማግኘታችን አይቀርም።

ታዲያ ሞቱ በምን ቀነሰ? ምክንያቱ አንድ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ካገቡት ሴቶች የወሊድ መቈጣጠሪያ የሚጠቀሙት 8 ከመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 36 ከመቶ ሆኑ። አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች በአማካይ ከ5.5 ወደ 4.6 ወረዱ። ያላረገዘች ሴት በምጥ አትሞትምና ይህ ብቻውን ብዙ ነፍስ አትርፏል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ውርጃ በሕክምና የሚፈቀድበትን ምክንያት ሰፋ አደረገ። ቀደም ሲል በሥውር፣ በማይገባ መሣሪያና በማይገባ እጅ የሚደረገው ውርጃ ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ ነበር፤ የሚገድለውም ብዙ ጊዜ ወጣቶችን ነበር። በዚህ ነገር ላይ ሃይማኖትም ኅሊናም የሚለያየን እንደ ሆነ እናውቃለን፤ የሆስፒታሎቹን አልጋ ያየ ሐኪም ግን ስለ ለውጡ ይመሰክራል።

ከሁሉ ይልቅ ሊነገርላቸው የሚገባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ከ1995 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ ገጠር ቀበሌ ተመደቡ። ከ30,000 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ሥራ ሲጀምሩ ዕድሜያቸው ከእኛ ያላለፈ፣ ደመወዛቸውም የሚያወላዳ ያልሆነ፣ በእግራቸው ጋራና ሸለቆ የሚያቋርጡ ልጃገረዶች ነበሩ። እኛ ስለ ሕዝብ አገልግሎት በአዳራሽ ስንከራከር እነርሱ በየጎጆው እየገቡ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ እርግዝና ክትትል አስተማሩ።

ሆኖም ማስተማር ብቻውን ምጥ አያዋልድም። በ2003 ዓ.ም. በቤታቸው የወለዱ ሴቶች ለምን ወደ ጤና ድርጅት እንዳልሄዱ ሲጠየቁ ከግማሽ በላይ የሆኑት «አያስፈልግም» ብለው መለሱ። ይህንን መልስ «ድንቍርና» ብሎ ማለፍ ለተማረ ሰው ቀላል ነው። እኛ ግን ሴቶቹ ልክ ነበሩ ለማለት እንደፍራለን። ወሳንሳ ላይ ተኝታ ግማሽ ቀን ተጉዛ ስትደርስ አዋላጅ የሌለበት፣ መብራት የሌለበት፣ ዘመድ በር ላይ የሚታገድበት፣ ብርድ ብረት አልጋ ላይ ወጥታ በማታውቀው ሰው የምትጮኽበት ቤት ከሆነ፣ እውነትም አያስፈልግም። ነገሩ የተለወጠው ቤቱ ሲለወጥ ነው። አዋላጅ ነርሶች በብዛት ሠለጠኑ። ወረዳዎች አምቡላንስ አገኙ። ከጤና ጣቢያው አጠገብ የእናቶች ማቆያ ተሠራ፤ በዚህም የጉራጌው የአጣጥ ሆስፒታል በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ ቀድሞ ነበር። ገንፎው እዚያው ተገነፋ፣ ቡናው እዚያው ተፈላ። ስለ ገንፎው የሚሥቅ ተማሪ አይጠፋም፤ ነገር ግን በርዋ ላይ ገንፎ የሚሸት ጤና ጣቢያ ከብዙ ስብከት ይልቅ ሴቶችን ጠርታለች። በጤና ድርጅት የሚወለዱት በ1992ም በ1997ም 5 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. 10፣ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ከመቶ ደረሱ።

አማካይ ቍጥር ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። በ2008ቱ ጥናት በአዲስ አበባ 97 ከመቶ የሚሆኑት በጤና ድርጅት ሲወለዱ በአፋር 15 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በቀዶ ሕክምና የተወለዱት በአዲስ አበባ 21 ከመቶ፣ በመላው አገር ግን 2 ከመቶ ነበሩ። በዋና ከተማው ያለ በቂ ምክንያት የሚቀደዱ ሳይኖሩ አይቀሩም፤ በገጠሩ ደግሞ ቢላዋው ሳይደርስላቸው የሚሞቱ አሉ። ይህንን ለማቃለል ጤና መኰንኖችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ተጀምሯል። አሳቡ ሥር አለው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ሐኪም እስኪበቃ ድረስ ሕዝቡ አይጠብቅም በሚል ነበር ጤና መኰንኖችን ማስተማር የጀመረው። ምጥ ለቀናት ቆይቶባት በሕይወት የተረፈችውንም አንርሳት፤ ለእርስዋ ነበር ባልና ሚስቱ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው ዕድሜያቸውን የሰጡት። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል የእነርሱ ሥራ ነው።

ስለ ጦርነቱም ዝም ብለን ልናልፍ አንችልም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በተደረገው ጦርነት፣ ወደ አማራና ወደ አፋርም በተዛመተው፣ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተዘረፉ፣ ተሰባበሩ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ አምቡላንስ መንገድ የሚያጣበት፣ መድኃኒት የሚቋረጥበት ቦታ ሆኗል። እስከ 2011 ዓ.ም. ያሉት ጥናቶች ከዚህ ሁሉ በፊት የተደረጉ ናቸው። ማን ጀመረው፣ ማን ጨረሰው የሚለውን ክርክር የዚህ ግቢ ተማሪ በየመኝታ ቤቱ ሲያካሂድ ኖሯል፤ እኛ በዚህ ገጽ የምንለው የማዋለጃ አልጋ የማንም ወገን ጦር አይደለም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ።

የጤና ሊቃውንት የእናትን ሞት በሦስት መዘግየት ይከፍሉታል፦ ከቤት ለመውጣት መዘግየት፣ በመንገድ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት። ባለፉት ዓመታት አገራችን የታገለችው በተለይ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጋር ነው። ብዙ ሴቶች ከቤታቸው ወጡ፣ መንገዱንም ተሻገሩ። እንግዲህ ሦስተኛው ከፊት ይልቅ ገንኖ ይታያል። ሴቲቱ የተባለችውን ሁሉ አድርጋ፣ አራት ጊዜ ተመርምራ፣ አምቡላንስ ተሳፍራ፣ አልጋው ላይ ከወጣች በኋላ የምትሞት ከሆነ፣ ያን ጊዜ ማንን «አልሰማሽም» ልንላት ነው?

ከገዳዮቹ ሁሉ ግንባር ቀደሙ ደም መፍሰስ ነው። ልጁ ከወጣ በኋላ ማሕፀን ተኰማትሮ የተከፈቱትን የደም ሥሮች መዝጋት አለበት፤ ሳይኰማተር ከቀረ፣ ወይም የእንግዴ ልጁ ከቀረ፣ ወይም የተቀደደ አካል ካለ ደሙ ይፈስሳል። ከግማሽ ሊትር ካለፈ አደጋ ይባላል። ያልተረዳች ሴት በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። የምጥ ሌሎች አደጋዎች፣ የደም ግፊትም ሆነ የልጅ መጋደም፣ ብዙውን ጊዜ የሰዓታት ወይም የቀናት ፋታ ይሰጣሉ፤ ይህኛው አይሰጥም። ማሕፀንን የሚያኰማትረው ኦክሲቶሲን የሚባለው መድኃኒት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኀይሉን ያጣል፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውም አብሮ ይጠፋል። መድኃኒቱ ሠርቶም እንኳ አስቀድሞ ብዙ የፈሰሳት ሴት፣ ያውም በወባና በምግብ እጥረት ደምዋ ያነሰ ሴት፣ የሰው ደም ካላገኘች አትነሣም።

የሌላው ዓለም ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። እንግሊዝ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ፋብሪካውም ባቡሩም ሞልቶ ሳለ፣ በ100,000 ወሊድ ከ400 በላይ እናቶች ይሞቱ ነበር። ከእኛ የ2008ቱ ቍጥር ጋር የሚተካከል ነው። ባለጸጋዋም ከድኻዋ ባላነሰ ትሞት ነበር። ከዚያ በኋላ በ15 ዓመት ያህል ጊዜ ቍጥሩ ከ100 በታች ወረደ። በዚያ መካከል የሆነው ምንድን ነው? ለቍስል ማመርቀዝ ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶችና ፔኒሲሊን መጡ፤ የአዋላጆች ሥልጠና ተሻሻለ፤ ደምም ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ለመስጠት በየሆስፒታሉ ተዘጋጀ። አገሪቱ በእነዚያ ዓመታት በጦርነት ላይ ነበረች፤ ሕዝቡም ምግቡን በራሽን ይቀበል ነበር። እንግዲህ ሀብት እስኪመጣ መጠበቅ ምክንያት አይሆንም።

የሠለጠነውን እጅ ትምህርት ቤት ያወጣዋል፤ መድኃኒቱን ፋብሪካ ይሠራዋል። ደምን ግን እስካሁን የሠራ ፋብሪካ የለም።

በአገራችን ደም ማሰባሰብ የተጀመረው በቀይ መስቀል ማኅበር ነው። በ2004 ዓ.ም. ግድም ሥራው ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። ቀድሞ ደም የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በምትክ ነበር፤ ሚስቱ እየፈሰሰባት ያለች ገበሬ «ምትክ የሚሰጥ ዘመድ አምጣ» ይባላል። ዘመዱ ያለው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ነው፤ ሴቲቱ ያላት ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው። ይህ ሥርዓት ቀርቶ በፈቃደኞች እንዲተካ መደረጉ ከታላላቆቹ ሥራዎች አንዱ ነው። ለአንድ አገር የሚበቃ ደም እንዲገኝ ከመቶው ሰው አንዱ በዓመት መስጠት አለበት ይባላል። በእኛ ሒሳብ ከ1.2 ሚሊዮን ከረጢት በላይ ነው። የሚሰበሰበው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

እነዚህ ፈቃደኞች እነማን ናቸው? በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው። ይህንን የምንጽፈው ለመኵራራት አይደለም፤ ከዚህ ውስጥ አንድ ጉዳት ስለሚወጣ ነው። የአገሪቱ የደም ጎተራ በተማሪ ክንድ ላይ የተደገፈ ከሆነ፣ ተማሪ ሲበተን ጎተራው ይጎድላል። ትምህርት ቤት በሰኔ ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ምን ወራት እንደ ሆኑ የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል፦ ወንዙ ሞልቶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ አምቡላንስ የማይወጣበት፣ ሴቲቱ ዘግይታ፣ አብዝታ ፈስሶባት የምትደርስበት ወራት ነው። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ወባው ይነሣል። የደም ፍላጎት በሚበረታበት ጊዜ ደም ሰጪው ቤቱ ገብቶ እሸት ይጠብቃል።

«እንግዲያው በሰኔ ከመበተናችን በፊት ሁላችንም እንስጥ» የሚል መልካም አሳቢ ይኖራል። ይህ አሳብ በየግቢው ሲሠራበት ኖሯል፤ ፎቶግራፍም ይነሡበታል። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። በተለመደው ከረጢት የተቀመጠ ደም የሚቆየው 35 ቀን ነው። ሰኔ 25 ቀን የተሰጠ ደም ሐምሌ 30 ቀን ላይ ጊዜው ያልፋል። ሰጪው ደግሞ ዳግመኛ ለመስጠት ሦስት ወር መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ሁላችንም በሰኔ የሰጠን እንደ ሆነ፣ ማቀዝቀዣዎቹ ለአንድ ወር ሞልተው ነሐሴን ባዶ ይውላሉ፤ እኛም በነሐሴ ብንጠራ እንኳ ልንሰጥ አንችልም። በአንድ ቀን የሚደረግ ታላቅ ዘመቻ፣ ከበሮውና ቲሸርቱ ምንም ቢያምር፣ ለነሐሴዋ ወላድ አይደርስላትም።

ወደ አሳባችን ከመግባታችን በፊት ሁለት ተቃውሞ እንስማ። አንደኛው ከራሳችን መካከል ያሉ ብርቱ ተከራካሪዎች የሚሉት ነው፦ ይህ ምጽዋት ነው፣ መንገድ መሥራት፣ በጀት መመደብ፣ አዋላጅ መቅጠር የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ተማሪ ደሙን በሰጠ ቍጥር መንግሥት ይዘናጋል። ግዴታው የመንግሥት መሆኑን እኛም እንላለን፤ ወደፊትም እንጽፋለን። የእናቶች አገልግሎት በነጻ ነው ተብሎ ከታወጀ በኋላ ባልየው ጓንትና መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ግዛ የሚባልበትን ቦታ ሁሉ መጠየቅ ይገባል። ነገር ግን በጀት ሊመደብለት የማይችል ነገር ቢኖር ደም ነው። ሚኒስትሩ ቢፈቅድም ባይፈቅድም የሚወጣው ከሰው ክንድ ነው፤ ይህንንም መንግሥት በአዋጅ ከማንም ሊወስድ አይችልም፤ አይገባምም።

ሁለተኛው ተቃውሞ በአፍ አይነገርም፤ በልብ ነው ያለው። «እኔ ራሴ ምን ደም አለኝና?» የሚል ነው፤ ምግብ ቤታችንን ለሚያውቅ ሰው አያስገርምም። ሐቁ ይህ ነው። ዕድሜው ከ18 ዓመት ያለፈ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው መስጠት ይችላል። የሚወሰደው ግማሽ ሊትር የማይሞላ ነው። ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን፣ ቀዩ ሕዋስ በጥቂት ሳምንታት ይተካል። አስቀድሞ ይመረመራል፤ ደሙ ያነሰ እንደ ሆነ ይመለሳል፤ ብዙ ሰው የራሱን የጤና ነገር የሚያውቀውም እዚያ ነው። መርፌ የሚያስፈራው ወንድ ተማሪ ካለ ፍርሃቱን አናፌዝበትም። እኅቶቹ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር እንደሚጠብቃቸው ያስብ።

እንግዲህ ለማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የምናቀርበው አሳብ እንደሚከተለው ነው። ደም መስጠት የሚችለው ተማሪ በሁለት ይከፈል። ግማሹ እንደ ልማዱ በሰኔ ማለቂያ እዚሁ ግቢ ይስጥ። ግማሹ ግን በሰኔ እንዳይሰጥ፤ ለክረምቱ ይቀመጥ። ይህኛው ክፍል ወደየአገሩ ሲሄድ በአካባቢው ያለው ደም ባንክ የት እንደ ሆነ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀትና የሚሰጥበት ሳምንት ተመድቦለት ይሂድ። ባሕር ዳር፣ ደሴ፣ ጅማ፣ መቀሌ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ነቀምቴ ደም ባንክ አላቸው፤ ከእነዚህ ራቅ ያለ መንደር የሚሄደው በመሄጃው ወይም በመመለሻው ያልፍባቸዋል። ሳምንቱ ከሐምሌ 15 እስከ ነሐሴ 25 ባለው መካከል ይደልደል እንጂ ሁሉ በአንድ ቀን አይሁን። በሰኔ የሰጡት ደግሞ በጥቅምት፣ ትምህርት ሲከፈት፣ ተራው የእነርሱ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የወባው ወራት ገና አላለፈም።

የሚከብደው ማስታወስ ነው። ሰው ቤቱ ሲገባ ይረሳል፤ የእናት ቤት እንጀራ ያስረሳል። ስለዚህ ክብደታቸው ወይም ጤናቸው ደም ለመስጠት የማይፈቅድላቸው ተማሪዎች አስታዋሾች ይሁኑ። እያንዳንዱ አስታዋሽ የአሥር ሰው ስምና ስልክ ይዞ፣ ሳምንቱ ሲደርስ ይደውል፤ የሰጠና ያልሰጠውን ይጻፍ። በመስከረም ስንመለስ ስንት እንደ ተመዘገቡና ስንቱ እንደ ሰጡ በዚህ ጋዜጣ እናወጣለን፤ ቍጥሩ ቢያሳፍርም እናወጣለን። በየሪፖርቱ ባዶ ቍጥር የሚጽፉትን ከላይ ነቅፈናልና።

የሕክምና ፋኩልቲ ተማሪዎች የየሰዉን ጥያቄ ለመመለስ በየመኝታ ቤቱ እንዲዞሩ እንጠይቃለን። የሕግ ተማሪዎችም ሥራ አላቸው፤ የሞት ምዝገባ አዋጁን አንብበው በክረምት በየቀበሌያቸው ለቤተሰብ እንዲያስረዱ ነው። የመመዝገቢያው ደብተር በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል። ሦስት ዐምድ አለው፦ የሰኔ፣ የክረምት፣ የአስታዋሽ። የክረምቱ ዐምድ ቢያንስ ከሰኔው እኩል መሙላት አለበት፤ ከሁለቱ በአንዱ ለመመዝገብ ያመነታ ሁሉ በክረምቱ ይጻፍ።